12/03/2013 የቱ ቀን ነው? የአንድ ኮል ሴንተር የስምንት ዓመት መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ

የድሮ የጥሪ ፋይሎችን ወደ ዳታቤዝ አስገቡ ሲባል መጀመሪያ የሚያስፈራው ብዛታቸው ነው። ብዛት ግን የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ሆኖ አገኘነው። ጊዜያችንን የበላው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ ይህ ጥሪ መቼ ነው የመጣው? ፋይሎቹ ለዚህ ጥያቄ እርስ በርስ የሚጋጭ መልስ ነበራቸው፤ ዳታቤዙ ደግሞ የተሳሳተውንም መልስ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ስሙን የማልጠቅሰው መካከለኛ የጥሪ ማዕከል ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ያስተናግዳል። ከ2009 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ ጀምሮ አስተሪስክ የተባለ የስልክ ጥሪ ማስተናገጃ ሶፍትዌር በተጫነበት አንድ ሰርቨር ሲሠራ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ አዲስ ሲስተም ለመዛወር ወሰነ። አስተዳደሩ የድሮውን ታሪክ የፈለገው ለሙዚየም አልነበረም። የእንቁጣጣሽ ሳምንት ስንት ኤጀንት፣ ማለትም ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ፣ ያስፈልጋል? ፋሲካ ሲቃረብ ጥሪው የሚጨምረው ከስንት ቀን በፊት ነው? በጾም ወራት የጠዋቱ ወረፋ ለምን ይረዝማል? እንዲህ ላለው ጥያቄ አንድ ቀን የተዛነፈ መረጃ ከመያዝ ምንም አለመያዝ ይሻላል።

የተረከብነው ሦስት ዓይነት መዝገብ ነው። አንደኛው አስተሪስክ ራሱ የሚጽፈው የኪው ሎግ፣ ማለትም የወረፋ መዝገብ ነው፤ ደዋዩ ወረፋ ሲገባ፣ ከኤጀንት ጋር ሲገናኝ፣ ሰልችቶት ሲዘጋ፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ መስመር ይጽፋል። ሁለተኛው ሲዲአር የሚባለው ነው፤ ጥሪው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰና ስንት ሰከንድ እንደቆየ በኮማ ለያይቶ ይይዛል። ሦስተኛው ሱፐርቫይዘሮች በየዕለቱ በእጃቸው የሞሉት የኤክሴል ፋይል ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የደዋይ ስልክ፣ የቅሬታው ፍሬ ነገር፣ ለማን ተላለፈ። ሁለቱን ማሽን ጽፏቸዋል፣ ሦስተኛውን ሰው። የኋላ ኋላ ከሁሉም በላይ የጠቀመን በሰው እጅ የተሞላው ነው፤ ከሁሉም በላይ ያደከመንም እሱው ነው።

ከኪው ሎጉ አንዷን መስመር እንውሰድ። የድርጊቱንና የወረፋውን ስም በአማርኛ ብንጽፈውና የደዋዩን ቁጥር ብንሸፍነው ይህን ይመስላል፦

1605936615|1605936609.2841|አማርኛ|የለም|ወረፋ ገባ||09••••••••|3

የመጀመሪያው ቁጥር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተቆጠረ ሰከንድ ነው። በእኛ ሰዓት ሲገለበጥ ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይሆናል፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2020። ሁለተኛው የጥሪው መለያ ነው፤ ከነጥቡ በፊት ያለው ጥሪው መስመር ላይ የገባበት ሰከንድ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ሲስተሙ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ የሚጨምር ተራ ቁጥር። በሁለቱ መካከል 6 ሰከንድ አለ፤ ደዋዩ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለውን ሰምቶ እስኪጫን የፈጀው ጊዜ። መጨረሻ ላይ ያለው 3 ሦስተኛ ተሰላፊ እንደነበረ ይናገራል። «የለም» የሚለው የኤጀንቱ ቦታ ነው፤ ገና ማንም አላነሳለትም። ይህን ጥሪ እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን።

ጥሬውን እንዳለ

መጀመሪያ የወሰንነው ምንም ነገር ሳይስተካከል እንዲጫን ነው። ለእያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ብቻ፦ የፋይሉ ስም፣ የፋይሉ የአሻራ ኮድ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ)፣ የመስመሩ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ጽሑፉ። ቀኑን ቀን፣ ቁጥሩን ቁጥር ለማድረግ አልሞከርንም፤ ሁሉም ጽሑፍ ሆኖ ገባ። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ ጥሬ ቴብል እየተነበበ በሌላ ቴብል ላይ ተሠራ። አንድ ሕግ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ከጥሬው የተሠራውን ቴብል ደምስሶ እንደገና መሥራት ነው፤ ወደ ፋይሎቹ መመለስ አያስፈልግም።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። የራሱ «ኮፒ» ትእዛዝ ፈጣን ነው፣ ግን ቀጥታ የተሰጠውን የኪው ሎግ አይቀበልም፤ የመስመሮቹ የክፍል ብዛት እንደ ድርጊቱ ዓይነት ይለያያልና እሱ ደግሞ ከእያንዳንዱ መስመር እኩል ኮለም ይጠብቃል። መፍትሔው እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ኮለም እንዲያየው ማድረግ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ስውር ምልክት መለያ ነው ብሎ መንገር። መክፈሉ በኋላ በጥሬው ቴብል ላይ ይሠራል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ብቅ አለ። ከአንዳንድ ፋይል መሃል ፖስትግሬስ ዜሮ ባይት አግኝቻለሁ ብሎ ጭነቱን በሙሉ ይጥላል። ቦታዎቹን ስናይ ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ ያለው መስመር «ኪውስታርት» ነው፤ አስተሪስክ ሲነሳ የሚጽፈው። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ድንገት ይወድቃል፣ ለፋይሉ ቦታ ተይዞለት ጽሑፉ ግን ዲስክ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ያ ቦታ በዜሮ ይሞላል። ዜሮዎቹን ማጥፋት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ከማጥፋታችን በፊት ግን የት የት እንደነበሩ መዘገብን፤ መብራት የጠፋበት ቅጽበት ምልክቶች ናቸውና። ይህ ዝርዝር ትንሽ ቆይቶ ወርቅ ሆኗል።

ሁለተኛው የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ነው። አስተሪስክ የሞላን ሎግ ቁጥር ሰጥቶ ወደ ጎን ያስቀምጣል። እንደ ቅንብሩ ትልቁ ቁጥር የቅርቡ ይሆናል፣ ወይም የሩቁ። በዚህ ሰርቨር መሃል ላይ አስተዳዳሪ ተቀይሮ ቅንብሩም አብሮ ተቀይሯል፤ ስለዚህ በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለቱም ሥርዓት አለ። በፋይል ስም መደርደር ዋጋ የለውም። የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰከንድ አውጥተን በዚያ ደረደርናቸው።

ቅጂዎችም ነበሩ። ሙሉ በሙሉ አንድ የሆኑትን አሻራው ያጋልጣቸዋል። ተንኮለኞቹ በወር አጋማሽ አንዴ፣ በወር መጨረሻ ሌላ ጊዜ የተቀዱት ናቸው፤ ትንሹ ፋይል የትልቁ መጀመሪያ ነው፣ አሻራቸው ግን አይመሳሰልም። «ተመሳሳይ መስመር ካለ አንዱን ጣል» የሚለው አቋራጭ አያዋጣም፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በእውነት ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ዓይነት መስመር ሊኖር ይችላል። አንዱ ፋይል የሌላው መነሻ መሆኑን በባይት አመሳክሮ አጭሩን መተው ነው የሚሻለው።

ለአሥር ዓመት ወረፋ የጠበቀው ደዋይ

የመጀመሪያውን የመጠበቂያ ጊዜ አማካይ ስናወጣ ቁጥሩ ከሰው ዕድሜ ጋር የሚፎካከር ሆነ። ምክንያቱ ጥቂት ጥሪዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ደዋይ ከ300 ሚሊዮን ሰከንድ በላይ፣ ማለትም ወደ አሥር ዓመት ገደማ ጠብቆ ስልኩን ዘግቷል። ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው፣ ግን ኮል ሴንተሩ ራሱ ከተከፈተ ያን ያህል አልሆነውም።

የሆነው ይህ ነው። የሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ቀኑን ስለማያስታውስ ፋብሪካ የሰጠውን ቀን ይዞ ይነሳል፤ በዚህ ሰርቨር ላይ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2010። አስተሪስክ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፣ ደዋይ ይገባል፣ መስመሮቹ 12623 ብለው በሚጀምሩ ሰከንዶች ይጻፋሉ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ማሽኑ ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ይቀበልና በአንድ ቅጽበት አሥር ዓመት ወደፊት ይዘላል። ያኔ ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ዝላዩን በሙሉ እንደጠበቀ ሆኖ ይመዘገባል።

መስመሮቹ በሰዓት ተደርድረው ቢሆን ኖሮ ይህን የምናርምበት መንገድ አልነበረም። የ2010ዎቹ መስመሮች ሁሉ፣ ከየትኛውም የመብራት መጥፋት ይምጡ፣ ተጠራርገው ከላይ ይከማቹ ነበር። የመስመሩ ተራ ቁጥር ግን አይዋሽም፤ ፋይሉ ሁልጊዜ የሚጻፈው ከታች ነው። ስለዚህ በፋይሉ ቅደም ተከተል ሲነበብ ታሪኩ ራሱን ይናገራል፦ ትክክለኛ ሰዓት፣ የዜሮዎች ረድፍ፣ ኪውስታርት፣ ጥቂት የ2010 መስመሮች፣ ከዚያ ዝላይ፣ ከዚያ እንደገና ትክክለኛ ሰዓት። የዝላዩን መጠን በመሃል ባሉት መስመሮች ላይ መደመር ነው። መጨረሻው የተዛባ መስመርና መጀመሪያው የተስተካከለ መስመር መካከል በእውነት ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ስለማይታወቅ የታረመው ሰዓት ግምት ነው። በስልክ በተጨናነቀ ጠዋት ግምቱ በሰከንዶች ይሳሳታል፣ በሌሊት በብዙ ደቂቃ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ብለን በዋናው ቴብል ላይ «የሰዓቱ እርግጠኝነት» የሚል ኮለም ጨመርን፤ የተነበበ፣ የታረመ፣ የተገመተ። ሪፖርት የሚሠራ ሰው የትኛውን እንደሚያካትት ራሱ ይወስን።

ይህ የባትሪ ጉዳይ ሌላም ጣጣ አምጥቷል። የጥሪው መለያ የተሠራው ከሰከንዱና ከተራ ቁጥሩ ነው ብለናል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰከንዱ ወደዚያው ቀን ይመለሳል፣ ተራ ቁጥሩም ከዜሮ ይጀምራል። በተለያየ ዓመት የደወሉ ሁለት ሰዎች አንድ መለያ ሊይዙ ይችላሉ፤ ይዘውም ተገኝተዋል። «የጥሪው መለያ ልዩ ነው» ብሎ ቴብሉን የሚያስር ሰው እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥሪ ያጣል፣ ወይም ሁለቱን አንድ አድርጎ ያዋህዳል። እኛ መለያው ላይ የዳግም ማስነሻውን ተራ ጨመርንበት፤ ከስንተኛው ኪውስታርት በኋላ እንደሆነ። ከዚያ ወዲህ ግጭት አልታየም።

ኒው ዮርክ የነበረው ሰርቨር

ሲዲአሩን ከኪው ሎጉ ጋር በጥሪ መለያ ስናገናኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ጥሪ በሁለቱ መዝገቦች ላይ 7 ሰዓት ተራርቆ ይገኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና 7። የሠራበት ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ሴንቶስ የተባለው የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን የሰዓት ዞኑ ካልተቀየረ ኒው ዮርክ ሆኖ ይቀራል። የኪው ሎጉ በዩቲሲ ሰከንድ ስለሚጽፍ ጉዳዩ አልነካውም፣ ሲዲአሩ ግን ሰርቨሩ በተቀናበረበት ዞን ሰዓት ይጽፋል። አሜሪካኖቹ በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያየራል።

7 ወይም 8 መደመር ለአብዛኛው ይበቃል። አንድ ጠዋት ግን አለ። እሑድ ጥቅምት 26 ቀን 2010 ዓ.ም. አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰች። እዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት የመጡት ጥሪዎች በሲዲአሩ ላይ ሁሉም በአንዲት ሰዓት ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ፤ የ2፡20ውና የ3፡20ው ጥሪ አንድ ዓይነት ሰዓት ተጽፎባቸዋል። የሚለያቸው መለያቸው ውስጥ ያለው ሰከንድ ብቻ ነው። ሲዲአሩ መለያውን እንዲጽፍ አስቀድሞ የተፈቀደለት መሆኑ ጠቅሞናል፤ በነባሪ ቅንብሩ ይህ ኮለም አይጻፍም። ስለዚህ የሲዲአሩን የሰዓት ኮለም ጨርሶ ትተን ሰዓቱን ከመለያው ወሰድን፣ የጽሑፉን ሰዓት ለማመሳከሪያ ብቻ አስቀመጥን። በዳታቤዙ ውስጥ ሁሉም ነገር በዩቲሲ ተቀምጦ ሲነበብ በአዲስ አበባ ዞን ይታያል። አገራችን ሰዓት የማትገፋና የማትመልስ መሆኗ ቢያንስ ይህን ግማሽ ሥራ ቀላል አድርጎልናል።

ወደ ግራ የተጠጋና ወደ ቀኝ የተጠጋ

አሁን ወደ ኅዳር ሚካኤሉ ደዋይ እንመለስ። ሱፐርቫይዘሯ ቅሬታውን በኤክሴል ስትመዘግብ ቀን ላይ 12/03/2013፣ ሰዓት ላይ 2፡30 ጻፈች። ለእሷም ለማናችንም ግልጽ ነው። ኤክሴሉ ግን የተጫነው በአሜሪካ አጻጻፍ ነው፤ 12/03/2013ን ሲያይ ወር 12 ቀን 3 ብሎ፣ የፈረንጆች ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 አደረገው። ሲያሳያት ደግሞ 12/3/2013 ብሎ ነው፤ ከጻፈችው የጎደለችው አንዲት ዜሮ ብቻ ናት፣ ማን ልብ ይላል? በማግስቱ 13/03/2013 ጻፈች። አሥራ ሦስተኛ የፈረንጅ ወር ስለሌለ ኤክሴል አልገባውም፣ እንደ ጽሑፍ ተወው።

ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው። በአንድ ኮለም ውስጥ ከወሩ 1 እስከ 12 ያሉት ቀናት ወደ ቀኝ ተጠግተው ይቀመጣሉ፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት ወደ ግራ። ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ነው የሚያስጠጋው። ሱፐርቫይዘሮቹ ለዓመታት «ይሄ ኮለም ለምን አይስተካከልም» እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል፤ አንዷ ሁሉንም ወደ መሃል አድርጋ ገላግላዋለች።

ያንን ፋይል ወደ ኮማ ፋይል ቀይሮ ቢጭኑት የሚካኤል ዕለቱ ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ታኅሣሥ 3 ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ይገባል። ኮል ሴንተሩ ከመከፈቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ያውም በእንቅልፍ ሰዓት። ዳታቤዙ ምንም አይልም። የሚጮኸው እንደ 30/02 ያለ ቀን ሲያጋጥመው ነው፤ ጥቅምት 30 ለእኛ ደህና ቀን ነው፣ ለፈረንጅ ካላንደር ግን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚጮኸው አይደለም። ዝም ብሎ የሚገባው ነው።

ማረሚያው ሁለት እርምጃ ነው። ኤክሴል ቀን ያደረገውን መልሶ ወደ ተጻፈበት መልክ መፍታት፤ እሱ ወር ያለውን ቀን፣ ቀን ያለውን ወር ማድረግ። ከዚያ ካላንደር መቀየር። ለዚህ የተወሳሰበ ነገር አያሻም፤ ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወራት ሁሉም 30 ቀን ናቸው። የዓመቱ መስከረም 1 በፈረንጅ መስከረም 11 ይውላል፤ ያለፈው ዓመት ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች፣ መስከረም 12። 2011ና 2015 እንዲህ ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ የ2012ና የ2016 እንቁጣጣሽ በ12 ውሏል። ከዚያ በኋላ ወሩን አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ቀኑን አንድ ቀንሶ መደመር። ለኅዳር 12 ሁለት ሙሉ ወር 60፣ ሲደመር 11፣ 71 ቀን ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2020 ጀምሮ 71 ቀን ሲቆጠር ኅዳር 21 ላይ ያርፋል። ሎጉም ያለው ይህንኑ ነው።

አዳዲሶቹ ሱፐርቫይዘሮች ግን በፈረንጅ ነው የሚጽፉት። በአንድ ፋይል፣ አንዳንዴ በአንድ ገጽ፣ ሁለት ካላንደር። ዓመቱ ይለየዋል ብለን ጀመርን፤ መዝገቡ በፈረንጅ ከ2017 እስከ 2025፣ በእኛ ከ2009 እስከ 2017 ነው። ከ2017 በታች ያለው ሁሉ የእኛ ነው፣ ከላይ ያለው የፈረንጅ። 2017 ራሱ ብቻ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሥራው የተጀመረበት ዓመት ነው፣ ወይ ሥራው ያለቀበት። ለ2017 ረድፎች የስልክ ቁጥሩን ይዘን ወደ ሎጉ ሄድን፤ ይህ ቁጥር በሁለቱ ሊሆኑ በሚችሉ ቀናት በየትኛው ላይ ደውሏል? አብዛኛውን ይህ ፈታው። በሁለቱም ያልተገኘው ያለ ቀን ቀርቷል፤ ባዶ ኮለም ከተፈጠረ ቀን ይሻላል።

ሰዓቱ ላይ 6 መደመር ወይም መቀነስ ይመስላል፣ ግን ቀንና ሌሊት የሚል ምልክት የለም። 2፡30 ጠዋት ነው ማታ? እዚህም ሎጉ መለሰልን። አንድ ነገር ግን ሎጉ ሊነግረን አልቻለም፤ ብዙ የሌሊት ሺፍት ረድፎች ከሎጉ ጋር በአንድ ቀን ይለያያሉ። የቆየችዋን ሱፐርቫይዘር ጠየቅናት።

«እርስዎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የመጣውን ጥሪ በየትኛው ቀን ነው የሚጽፉት?»

«በዕለቱ ነዋ።»

«ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን ማለቴ ነው።»

«ልጄ፣ ሳይነጋ ቀኑ እንዴት ይለወጣል?»

አልተሳሳተችም፣ እኛ ነን በፈረንጅ ቀን የምንቆጥረው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ያሉት የእሷና የእኩዮቿ ረድፎች አንድ ቀን ተጨመረላቸው፤ በፈረንጅ የሚጽፉት አዲሶቹ ረድፎች ደግሞ እንዳሉ ተተዉ። የሞላው ሰው ማን እንደሆነ የሚናገር ኮለም ባይኖር ኖሮ ይህን መለየት አይቻልም ነበር።

ስለ ስልክ ቁጥሮችና ስለ ፊደል

ኤክሴል የ09ን ዜሮ ይበላል፣ ያ ቀላል ነው። አንዳንዱ በ251 የተጻፈ ቁጥር ግን ጠባብ ኮለም ውስጥ ሆኖ በአጭር የሳይንስ አጻጻፍ ታይቷል፣ እንደታየው ወደ ኮማ ፋይል ሲቀየር የመጨረሻ አኃዞቹ ለዘለዓለም ጠፍተዋል። ዋናው የኤክሴል ፋይል ካለ ከእሱ ይነበባል። የማዕከሉ የቆየ ስክሪፕት በ9 የማይጀምር የሞባይል ቁጥርን እንደ ስህተት ይጥል ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ጀምሮ የ07 ቁጥሮች ሲመጡ እነዚያ ደዋዮች ከሪፖርት ላይ ጠፉ። ጥሬው ሎግ ላይ ግን አሉ።

የቅሬታው ኮለም የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጽሑፍ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የዓለም ደረጃ) ያልሆነ። እስክሪን ላይ አማርኛ ነው፣ ውስጡ ግን የላቲን ፊደላት ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ወደ ኮማ ፋይል ሲቀየር ፎንት የሚባል ነገር ስለማይኖር የማይነበብ ትርምስ ይሆናል። ይባስ ብሎ ከእውነተኛው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ይደባለቃል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ከኤክሴሉ በፓይተን ፕሮግራም እያንዳንዱን ሴል ከነፎንቱ ስም አነበብን፤ ፎንቱ የድሮው ግዕዝ ከሆነ በመቀየሪያ ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ፣ ካልሆነ እንዳለ። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ኮድ ጥምረት ስለሚጻፍ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ለፍለጋ ብለን ሁለተኛ ኮለም ሠራን፤ እዚያ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለላሉ። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ብለው የተጻፉት ቅሬታዎች አንድ ላይ የሚቆጠሩት በዚህ ነው። ዋናው ጽሑፍ አልተነካም።

ማን አነሳው?

ሎጉ ኤጀንቱን የሚያውቀው በኤክስቴንሽን (በውስጥ ስልክ ቁጥር) ነው፤ ለምሳሌ 204። ጠዋት 204 ላይ የምትቀመጠውና ማታ የሚቀመጠው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ኤጀንት ማለት ኤክስቴንሽን ነው ብሎ የሠራ ሪፖርት ሁሉ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ስም ሰፍሯል። ታትመው ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት የሺፍት ወረቀቶች የተረፉትን ሰብስበን «ከዚህ እስከዚህ 204 ላይ እገሌ» የሚል ቴብል ሠራን። ወረቀቱ ያልተገኘበት ጊዜ ያለ ስም ቀርቷል። የሰው ደሞዝ የሚነካ መረጃ ላይ ግምት አናስገባም ብለን ነበር፤ አስተዳደሩ ገፋፍቶን ነበር፣ አልተቀበልንም።

ስለ ደዋዮቹም እንዲሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው ስልክ ቁጥር እንደ ማንኛውም ኮለም የሚታይበት ጊዜ አልፏል። ቁጥሮቹ በተለየ ቴብል ተቀምጠዋል፤ የሪፖርት ሠራተኞች የሚያዩት ምትክ መለያ ብቻ ነው።

ሂሳቡ ሲዘጋ

መረጃው በትክክል መግባቱን ያረጋገጥነው በሂሳብ ነው። ወረፋ የገባ ጥሪ ሁሉ መውጫ አለው፤ ወይ ኤጀንት አንስቶለታል፣ ወይ ዘግቷል፣ ወይ የጥበቃ ጊዜው አልቆ ወጥቷል፣ ወይ ቁልፍ ተጭኖ ወይም ኤጀንት ጠፍቶ ወረፋው አስወጥቶታል። የመግቢያው ድምር ከመውጫዎቹ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ጥሪ ከአማርኛ ወረፋ ወጥቶ ኦሮምኛ ወረፋ ቢገባ ሁለት መግቢያ ነው፣ ስለዚህ የሚቆጠረው በጥሪ ሳይሆን በወረፋ ግባት ነው። ከአንዱ ሎግ ፋይል መጨረሻ ተጀምሮ በሚቀጥለው የሚያልቅ ጥሪም ስላለ ሂሳቡ የሚሠራው ሁሉም ፋይል ከገባ በኋላ ነው።

ድምሩ ወዲያው እኩል አልመጣም። መውጫ ያልተገኘላቸውን አንድ በአንድ ስናያቸው ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ከኪውስታርት በፊት ያሉ የመጨረሻ መስመሮች ናቸው። ቅድም ከመዘገብናቸው የዜሮዎች ቦታዎች ጋር ስናስተያያቸው ገጠሙ። መብራት ሲጠፋ መስመር ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ «በመቋረጥ የወጡ» የሚል የራሳቸው ምድብ ተሰጣቸው።

ያልጠበቅነው ሙግት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ዳታቤዝ የሚያሳየው ያልተመለሰ ጥሪ ለዓመታት ለአስተዳደር ሲቀርብ ከኖረው በጣም ያነሰ ሆነ። የድሮው ሪፖርት «ጠርቶ አልተነሳም» የሚለውን ድርጊት እንደ ጠፋ ጥሪ ይቆጥር ነበር። ይህ መስመር የሚጻፈው ግን ስልኩ አንድ ኤጀንት ጋ ጠርቶ ሳያነሳ ሲቀር ነው፤ ደዋዩ ወረፋው ላይ እንዳለ ወደሚቀጥለው ኤጀንት ይሄዳል። አንድ ደዋይ ሦስት ኤጀንት አልፎ በአራተኛው ቢስተናገድ የድሮው ሪፖርት ሦስት ደንበኛ አጣን ይላል። በዚያ ላይ የዚህ መስመር የመጥሪያ ጊዜ የሚጻፈው በሺህኛ ሰከንድ ነው፣ የሌሎቹ በሰከንድ፤ ሪፖርቱ ሁለቱን ደምሮ ሲያካፍል ኖሯል።

አንድ ኃላፊ «ታዲያ ለሦስት ዓመት የቦነስ ቅጣት የተቆረጠባቸው ኤጀንቶችስ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከእኛ ሥራ ውጭ ነው፤ የእያንዳንዱን ጥሪ ጥሬ መስመር ከነፋይል ስሙና ከነመስመር ቁጥሩ አውጥተን ለሰው ኃይል ክፍሉ ሰጥተናል። የሺፍት ወረቀት ላልተገኘላቸው ወራት ምን እንደሚደረግ እነሱ ገና አልወሰኑም።

አዲሱ ሲስተም የወረፋ ድርጊቶችን ቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ይጽፋል፣ ፋይል መሃል ላይ የለም። የሱፐርቫይዘሮቹ ኤክሴልም በቅጽ ተተክቷል፤ ቀኑን በኢትዮጵያ ካላንደር ያሳያል፣ ሰዓቱን ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት ብሎ ያስመርጣል፣ ውስጡ የሚያስቀምጠው ግን ዩቲሲ ነው። የሌሊት ሺፍቱ ቀን እስኪነጋ ድረስ አይለወጥም። የድሮው ሰርቨር ባትሪ ተቀይሮለት ለመጨረሻው ማመሳከሪያ ብቻ በርቶ ይገኛል።